ኦሪጅናሉ ስፖኪዮ የት አለ?

የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው የማይችለው ነገር የለም። ሞተሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ «ዕድሜ ነው» ይላል። ጣሪያው ዝናብ ሲያስገባ «ጠባዩ ነው» ብሎ ያልፋል። ማሞቂያው በበጋ እየነደደ በክረምት ሲጠፋ እንኳ ካፖርቱን ደርቦ ይነዳል እንጂ ክፉ ቃል አይወጣውም። ይህ ሁሉ ትዕግሥት የሚያልቀው ስፖኪዮ የሚቀየር ዕለት ነው። ለአንዲት ክብ መስታወት፣ ያውም ዋጋዋ ከአንድ ጎማ ለማይበልጥ፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ የድሮ ፎቶግራፍ ያገላብጣል፣ የሽያጭ ወረቀት ይፈልጋል፣ በሩ ላይ የወረቀት ሞዴል ለጥፎ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ያያል፣ አልጥመው ሲል ነቅሎ ሁለት ጣት ወደ ፊት ያስጠጋል። የሚያንገበግበው ጥያቄ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? የትስ ነበር የሚቀመጠው? እንዲህ ለሚጨነቅ ሰው የሚሰጠው መልስ የምሥራችም መርዶም ነው። ስፖርት መኪና ኦሪጅናል ሞተር አለው፣ ኦሪጅናል ቀለም አለው፣ ኦሪጅናል ወንበር አለው፤ ኦሪጅናል ስፖኪዮ ግን፣ ከጥቂት መኪኖች በቀር፣ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ስፖኪዮ የሚቀይር ሰው ታሪክን መጠየቁን ትቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ማስረጃውን ከሥሩ እንጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1911 አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲካሄድ፣ በጊዜው ወግ አንድ የውድድር መኪና የሚይዘው ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው፣ መካኒኩ፣ ሞተሩን እየተከታተለ፣ አንገቱንም እየጠመዘዘ ከኋላ ማን እንደመጣ ለሹፌሩ ይነግራል። ሬይ ሃሩን የተባለው ተወዳዳሪ ግን ማርሞን ዋስፕ የምትባለውን ቢጫ መኪናውን ለብቻው ይዞ ብቅ አለ። መካኒኩ በመቅረቱ መኪናዋ ቀለል አለች፣ ቀጠን አለች። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጮኹ፤ ይህ ሰው የኋላውን ሳያይ ሊፈጀን ነው አሉ። ሃሩን ሙግት አልገጠመም፤ ከመሪው ፊት ከፍ አድርጎ በዘንጎች ላይ አንድ መስታወት አቆመ። ጩኸቱ በረደ፣ እሱም በሰዓት በአማካይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ አሸነፈ። ወሬው እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስፖኪዮ ትልቅ ክብር ነበር። ሰውዬው ግን ከዓመታት በኋላ እቅጩን ተናገረ፤ በጡብ የተነጠፈው የውድድር ሜዳ መስታወቱን ያንቀጠቅጠው ስለነበር አንዳች ነገር አላየበትም። እንግዲህ የስፖርት መኪና ስፖኪዮዎች ሁሉ አያት የሠራው ሥራ የሰው አፍ ማዘጋት ነበር ማለት ነው። የኋላውን ከልብ ማየት የፈለገ ሰው ከዚያ በፊትም ነበር። እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሌቪት በ1909 ለሴት አሽከርካሪዎች ባሳተመችው መጽሐፍ ትንሽ የእጅ መስታወት እንዲይዙና መንገድ ላይ ከፍ እያደረጉ የኋላቸውን እንዲያዩ መክራለች። ምክሯ ቦታ አልወሰነም፣ ቅርጽ አልመረጠም፤ ይታይበታል ወይ ብቻ ነበር ቁም ነገሩ።

ሃምሳ ዓመት እንለፍ። በማርች 1961 ጃጓር ኢ-ታይፕን ጄኔቫ ላይ ሲያሳይ ዓለም አፉን ከፈተ። የአካሏን መስመር ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ የአየር ፍሰት ባለሙያ ነበር፤ ረጅሙን አፍንጫዋን በሒሳብ ነው ያሰመረው። በዚያ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ግን የውጭ ስፖኪዮ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ኢ-ታይፖች ከፋብሪካ ሲወጡ በደንቡ የነበራቸው የውስጥ መስታወት ብቻ ነው፤ የውጩን የፈለገ ገዢ ተጨማሪ ከፍሎ በሻጩ ጋራዥ ያስገጥም ነበር። የት ይገጠም? በእንግሊዞች የዚያን ጊዜ ልማድ ፓራፋንጎው ላይ ነዋ። የኢ-ታይፕ ፓራፋንጎ ደግሞ ለብቻው የተሠራ አካል አይደለም፤ ከኮፈኑ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ፊት ተጋድሞ የሚከፈት ነው። ስለዚህ ስፖኪዮ አስገጠምኩ የሚለው ባለመኪና በእውነቱ የመኪናውን ትልቁንና ውዱን ላሜራ በትራፓኖ አስበስቷል። ኮፈኑ ሲነሳ ስፖኪዮዎቹም አብረው ይነሱና ሰማይ ሲቃኙ ይቆያሉ። ዛሬ ኦሪጅናል ቦታው እየተባለ በሚሊሜትር የሚለካው እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንድ የሻጭ ጋራዥ ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቀን ትራፓኖውን ያሳረፈበት ነጥብ። ጎረቤቱ ጋራዥ ያለው ባልደረባው አራት ጣት ወደ ኋላ በስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያም ኦሪጅናል ነው ከተባለ ቃሉ ላስቲክ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነገር አዋቂ የሆነ ሰው ጣልቃ ይገባል። «ይህ ስፖኪዮ ረስቶ የሠራ ፋብሪካ ጥፋት ነው፤ ፋብሪካው ራሱ አስቦበት የሠራውስ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ፌራሪ ቴስታሮሳ ናት። በ1984 ፓሪስ ላይ የታየችው ይህች መኪና ወርዷ ሁለት ሜትር ሊሞላ 24 ሚሊሜትር ብቻ የቀረው ነበር፤ የዚያ ሁሉ ወርድ ምክንያት ከኋላ የተኛው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና ማቀዝቀዣዎቹ ናቸው። ከሹፌሩ ጀርባ እንደዚያ የሰፋ ነገር ካለ በር ላይ የተቀመጠ ስፖኪዮ የሚያየው የመኪናዋን ዳሌ ነው። መፍትሔ ተብሎ የመጣው አንድ ነጠላ ስፖኪዮ ነበር፤ እሱም በሹፌሩ በኩል፣ የፊት መስታወቱን በያዘው ምሰሶ ወገብ ላይ፣ በረጅም እግር ቆሞ። በሌላው ወገን ምንም የለም። ያየ ሁሉ ወይ ወደደው ወይ ሳቀበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፋብሪካው ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ዝቅ ያሉ ሁለት ስፖኪዮዎች ገጠመ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ተዘጋ ያለው ግን ፋብሪካው ብቻ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ባለ አንድ ስፖኪዮዋን ሞኖስፔኪዮ ብለው በፍቅር ይጠሯታል፣ ከእህቶቿም አስበልጠው ይከፍሉባታል። ሠሪው የተወውን ገዢው ዘውድ ደፋለት። እንግዲህ ፋብሪካ አስቦ የሠራው ስፖኪዮ እንኳ ዕድሜው ጥቂት ዓመት ከሆነ፣ ከሁለቱ ውሳኔዎቹ የቱን ነው ኦሪጅናል የምንለው? የመጀመሪያውን ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ይቃወመናል።

ወደ ጃፓን ስንሻገር ደግሞ የስፖኪዮ ቦታ የሚወሰነው በፋብሪካም በገዢም ሳይሆን በደንብ ሆኖ እናገኘዋለን። እስከ 1983 ድረስ ጃፓን ውስጥ ለሚሸጥ መኪና ስፖኪዮ የሚፈቀደው ፊት፣ ፓራፋንጎው ላይ ብቻ ነበር። ኒሳን በ1969 ያወጣት ስፖርት መኪና አገር ቤት ፌርሌዲ ዚ ተብላ በፓራፋንጎዋ ላይ ሁለት ስፖኪዮ አቁማ ስትነዳ፣ አሜሪካ የተላከችው እህቷ ዳትሰን 240ዚ ተብላ ስፖኪዮዋን በር ላይ አደረገች። መኪናዋ አንዲት ናት፣ ፓስፖርቷ ነው የተለያየው። በ1983 ደንቡ ላላ፤ ኒሳን ፑልሳር ኤክሳ የበር ስፖኪዮ ይዛ የመጀመሪያዋ ሆነች፣ ገዢውም አዲሱን ፋሽን ተሻምቶ ያዘ። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የ240ዚ ባለቤቶች በአገራቸው ያልተሸጠውን የፓራፋንጎ ስፖኪዮ ከጃፓን እያስመጡ፣ ደህናውን ላሜራ እየበሱ ይገጥማሉ። ምክንያቱ ሲጠየቁ ኦሪጅናል ስለሆነ ነው ይላሉ። ለየትኛዋ መኪና? እነሱ ለያዟት አይደለም። ጃፓኖች ግዴታ ሆኖባቸው የተሸከሙትን ሌላው በፈቃዱ ገንዘብ ከፍሎ ይሸከመዋል።

አምስተኛው ማስረጃ ከሁሉም ያስቃል። ጃጓር በ1992 ለገበያ ያቀረባት ኤክስጄ220 በዘመኗ ከዓለም ፈጣን መኪኖች ፊት መሪዎቹ ውስጥ የተቆጠረች፣ ዋጋዋ ከ400,000 ፓውንድ ያለፈ፣ ከ300 ያነሰች ብቻ የተመረተች ናት። የጎን ስፖኪዮዎቿ ግን የራሷ አይደሉም፤ ሲትሮየን ሲኤክስ ከምትባለው የፈረንሳይ የቤተሰብ መኪና የተወሰዱ ናቸው። ሎተስ ኢስፕሪም ከዚያችው መኪና ተበድራለች። በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ለጥቂት መቶ መኪና ብሎ አዲስ ስፖኪዮ መንደፍ፣ ሻጋታ ማሠራት፣ ለመንግሥት ፈተና ማቅረብ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ፈተናውን ያለፈ ስፖኪዮ ጎረቤት እያለ ለምን ይደከማል? ውጤቱ ግን ያስደንቃል። የኤክስጄ220 ባለቤት ስፖኪዮው ቢሰበርበት ኦሪጅናሉን ፍለጋ የሚሄደው ወደ ጃጓር ታሪክ ሳይሆን ቅጠልና አፈር ወደ ወረሳት አንዲት አሮጌ ሲትሮየን ነው። ያንን የሚሊየነር መለዋወጫ ለዓመታት ይዛ የቆመችው አሮጌ መኪና ዋጋዋን ብታውቅ ኖሮ ዝገቱም ባልነካት ነበር።

እንግዲህ አንድ ላይ ሰብሰብ እናድርጋቸው። የመጀመሪያው ስፖኪዮ የተቃዋሚ አፍ መዝጊያ ነበር። ሁለተኛው ከፋብሪካ ውጭ የተበሳ ነው። ሦስተኛውን ሠሪው ራሱ ትቶታል። አራተኛው ደንብ ያስቀመጠው፣ አምስተኛው ከጎረቤት የተበደሩት ነው። በዚህ ሁሉ ሒደት ውስጥ «ሹፌሩ በዚህ መስታወት ምን ያያል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ እምብዛም አንሰማም። ያን ጥያቄ ዛሬ ማንሳት የሚችለው ስፖኪዮ የሚቀይረው ሰው ነው፤ መልሱም ከቀላል ሒሳብ አያልፍም። ጠፍጣፋ የሆነ፣ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ መስታወት እንውሰድ። ከዓይን 70 ሳንቲሜትር ርቆ በር ላይ ቢቀመጥ ለአንድ ዓይን በግምት 8 ዲግሪ ያህል ስፋት ያሳያል። ያንኑ መስታወት ፓራፋንጎው ላይ፣ ከዓይን 1 ሜትር ከ70 ርቀት ላይ፣ ብናስቀምጠው 3 ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ አንድ የጭነት መኪና ግማሽ ፊቱን ብቻ ያሳያል። መድኃኒቱ ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት ነው። አውሮፓ ለዋናው የውጭ ስፖኪዮ የፈቀደችው ዝቅተኛው የጉብጠት ራዲየስ 1.2 ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ያበጠ መስታወት የፓራፋንጎውን እይታ ወደ 13 ዲግሪ ያሰፋዋል። ግን በነጻ አይደለም። ከመስታወቱ 20 ሜትር ላይ ያለች መኪና በር ላይ ባለው ያበጠ ስፖኪዮ ስትታይ መጠኗ 44 ሜትር ርቃ ያለች ያስመስላታል፤ ፓራፋንጎው ላይ ባለው ስትታይ ደግሞ 78 ሜትር። ያቺ መኪና በሴኮንድ 10 ሜትር እየቀረበች ከሆነ ሹፌሩ ስምንት ሴኮንድ ያህል አለኝ ብሎ ፍሬቻ ያበራል፤ ያለው ግን ሁለት ሴኮንድ ነው። አሜሪካኖች በሹፌሩ በኩል ያለው ስፖኪዮ ጠፍጣፋ ይሁን ያሉት፣ ያበጠውን በተሳፋሪው በኩል ሲፈቅዱም የሚታየው ነገር ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ መሆኑን መስታወቱ ላይ ያስጻፉት ወደው አይደለም።

ከሒሳቡ የሚወጣው ምክር ይህ ነው፦ በሹፌሩ በኩል በር ላይ፣ እጅ ሊደርስበት በሚችል ቅርበት፣ ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ያበጠ መስታወት፤ በተሳፋሪው በኩል ያበጠ። ፓራፋንጎ ላይ የሚቆመው ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። አንገት ሳያዞሩ ይታያል፣ በዝናብም ጊዜ ዓይን የሚያልፈው በመጥረጊያ በጸዳው የፊት መስታወት በኩል ነው፤ ብዙ የጃፓን ታክሲዎች ዛሬም ይዘውት ይዞራሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና የሚነዳ ባለሙያ ዓይኑን ከትንሹ ምስል ጋር ያላምዳል። የድሮ ስፖርት መኪና ግን ቅዳሜና እሑድ፣ ያውም ሰማዩ ከጠራ ብቻ፣ የምትወጣ ናት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነዳ ዓይን ለምዷል ለማለት ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ጉዳይ ሹፌሮቻችን በሌላ መንገድ ጨርሰውታል። ስፖኪዮ የሚታወቀው በሌባ ወዳድነቱ ስለሆነ ሶማሌ ተራ ገብቶ «ኦሪጅናል ነው?» የሚል ሰው የሚጠይቀው ስለ ታሪክ አይደለም፤ ይበረክታል ወይ ማለቱ ነው። መስታወቱ ብቻ የተሰበረበት ደግሞ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ በልኩ አስቆርጦ ይለጥፍበታል። የተቆረጠው የግድግዳ መስታወት ጠፍጣፋ ነው፤ ያበጠውን ሲተካ ምስሉ ይቀርባል፣ ስፋቱ ግን ይጠባል፣ በጎን የሚመጣው ሞተር ሳይክልም በዚያው ይሰወራል። ቢሆንም ሰውዬው መንገዱን ይዟል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ብሎ፣ «ይታያል» ካለ በኋላ ነው የሚከፍለው።

አገጣጠሙንም ቀረብ ብለን እንየው፤ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። የተለመደው ስሕተት ከመኪናው ውጭ ቆሞ ቦታ መምረጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት የሚያምረው ነጥብ ከውስጥ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የበሩ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስኮት ካለው የኒኬል ክፈፍ ጀርባ ነው፤ መስታወቱ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ መንገድ፣ ግማሹ ብረት ያሳያል። ትክክለኛው አሠራር ሹፌሩ ወንበሩን በሚነዳበት ልክ አስተካክሎ፣ ቀበቶውንም አስሮ ይቀመጣል፤ ሁለተኛ ሰው ስፖኪዮውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ያንሸራትታል፤ ሹፌሩ «እዚያው!» ሲል የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ የበሩ የውስጥ ሽፋን ይነሳና የመስኮቱ መስታወት ሲወርድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይታያል፤ ይህን ያላየ ሰው ብሎኑ ረዝሞ ወይ መስኮቱን ይፍቃል ወይ ጭራሽ እንዳይወርድ ያግደዋል። ምልክቱ በመዶሻና በሹል ብረት ነጥብ ይደረግበታል፣ በቀጭን ፑንታ ይበሳል፣ ቀጥሎ በወፍራሙ ይሰፋል። የተበሳው ጠርዝ ራቁቱን የቀረ ብረት ነው፤ አንቲራስት ሳይቀባ ዳዶ ከታሰረበት ዝገቱ ከጎማው ሥር ተደብቆ ያድግና ቀለሙን አሳብጦ አንድ ቀን ብቅ ይላል። ከውስጥ በኩል ከሮንዴላ ሰፋ ያለ የብረት ደጋፊ ማስገባትም ያስፈልጋል። የድሮ መኪና የበር ላሜራ ስስ ነው፤ ደጋፊ ከሌለው ዳዶው ሲጠብቅ ይሰረጉዳል፣ ሲላላ ደግሞ ስፖኪዮው በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጥና ባለመኪናው ከመቶ ዓመት በኋላ የሃሩንን ዕጣ ይካፈላል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ እንምጣ፤ ከባዱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ንጹሕ ላሜራ ከበሳህ የመኪናውን ዋጋ ወጋኸው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ፓራፋንጎውና በሩ ተበስቶ የማያውቅ የድሮ መኪና ብርቅ ነው፣ ብርቅነቱም ይሸጣል። ይህ ግን ስፖኪዮ አይገጠም የሚል ክርክር አይደለም፤ በትራፓኖ አይገጠም የሚል ነው። የበሩን ጠርዝ በትንንሽ ብሎን ቆንጥጠው የሚይዙ ስፖኪዮዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ጠርዙ ላይ ስስ ጎማ ከተደረገላቸው ቀለም አይፍቁም፣ ሲነሱም ምልክት አይተዉም። ቀደም ብሎ የተበሳ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ጉዳቱ ቀድሞ ስለደረሰ የተሻለ እይታ ያለውን ቦታ መምረጥ እንጂ በአሮጌው ቀዳዳ መገዛት የለበትም፤ ቀዳዳውን ብረት በያጅ አስሞልቶ ቀለም ማስቀባት የላሜራ ሠራተኛ ተራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕግ ይጠቅሳል። እንግሊዝ አገር ከኦገስት 1 ቀን 1978 በፊት መንገድ ላይ የዋለ መኪና አንድ መስታወት ካለው ይበቃዋል፤ የውስጡም ይቆጠርለታል። አርባ ዓመት ያለፋቸው መኪኖችም ከ2018 ወዲህ፣ አካላቸው በብዙ ካልተለወጠ፣ ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ናቸው። «ሕጉ ካልጠየቀኝ አንተ ማን ነህ?» ይባላል። ሕጉ የተወው ግን አሮጌ መኪና የኋላውን ማየት አያሻውም ብሎ አይደለም፤ ትናንት ለተሠራ ዛሬ በወጣ ደንብ አልፈርድም ብሎ ነው። ሴየር ኢ-ታይፕን ሲያሰምር ከኋላዋ በድምፅ አልባ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ ያኔ ፈጣኗ እሷ ስለነበረች የሚያስፈራት ከፊቷ ያለው እንጂ ከኋላዋ ያለው አልነበረም። ዛሬ ተራ የቤተሰብ መኪና ይቀድማታል። ስለዚህ ስፖኪዮ ያስፈልጋታል የሚባለው መኪናዋ ስለተለወጠች አይደለም፤ ተራዋ ስለተለወጠ ነው፤ ከቀዳሚነት ወደ ተቀዳሚነት ወርዳለች።

ሦስተኛው የውበት ነው፣ እሱን ደግሞ በቀላሉ መርታት አይቻልም። አካሏ ያለ ስፖኪዮ የተነደፈ መኪና ላይ ስፖኪዮ መጨመር ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሠዓሊውን ሳያስፈቅዱ ጉትቻ እንደ ማድረግ ነው። ይህን አምነን እንቀበል፤ ግን ጉትቻም ልክ አለው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጣሊያናዊው ቪታሎኒ የሠራው ሴብሪንግ የሚባለው ጥይት መሰል ስፖኪዮ በስንት የጣሊያን ስፖርት መኪና በር ላይ ተቀምጦ ማንም አስቀያሚ ሲለው አልተሰማም። ዛሬ አምሳያው ይሠራል፤ መልኩ ያው ሆኖ ውስጡ የሚገባውን መስታወት ጠፍጣፋ ወይም ያበጠ አድርጎ መምረጥ ይቻላል። ቅርፊቱን ለተመልካች፣ መስታወቱን ለሹፌር ብሎ መስማማት የሚችል ሰው ከውበት ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለውም። አንገቴን አዙሬ አያለሁ የሚልም አለ። ጣሪያዋ ወርዶ ለምትነዳ ክፍት መኪና ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ጣሪያው ሲዘጋ ግን የኋላው የፕላስቲክ መስኮት በፀሐይ ቢጫ ሆኖ የሚያሳየው የሚታይ ነገር መኖሩን ብቻ ነው።

የቀረው የዘመናዊው ሰው ሐሳብ ነው፤ «ካሜራ ግጠምና ተገላገል» ይላል። እውነትም ሌክሰስ በ2018 ጃፓን ውስጥ በስፖኪዮ ፋንታ ካሜራ ያላት ኢኤስን ሸጧል፤ ሆንዳ ኢ የምትባለው ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናም በሁለቱም ጎኗ ካሜራ ብቻ ይዛ ወጥታለች። ሐሳቡ አይናቅም፤ ዳሩ ግን ጠፍጣፋ መስታወት ውስጥ ሲያዩ ዓይን የሚያነጣጥረው ሩቅ ላይ ነው፣ ስክሪን ላይ ሲያዩ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ የድሮ መኪና የሚገዛው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ለማንበቢያ የያዘበት ዕድሜ ላይ የደረሰ ነው። ለዚያውም ካሜራው ከክርክራችን አያወጣንም። አርባ ዓመት ቆይቶ ሆንዳ ኢ የሰብሳቢ መኪና ስትሆን ስክሪኑ የጠፋበት ባለቤት በዘመኑ የተሠራውን ኦሪጅናል ካሜራ ፍለጋ ይንከራተታል፤ አጠገቡ ያለው ባልደረባውም «እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም፣ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር» ይለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ላይ የሚውል አንድ ሐሳብ አለ። እንደ ፔብል ቢች ባሉ የድሮ መኪና የውበት ውድድሮች ላይ ዳኞች እየዞሩ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይቀንሳሉ። በስፖኪዮ ረድፍ ላይ ነጥብ ባይሰጥም ባይቀነስም ፍትሕ ነው፤ ፋብሪካው ባልወሰነው ነገር ባለቤቱን መሸለምም መቅጣትም አይገባም። እንደ ሞኖስፔኪዮ ያለችው፣ ፋብሪካው በእርግጥ የወሰነላት ጥቂት መኪና ብቻ በራሷ ትዳኝ። ሌላው ባለመኪና ወንበሩ ላይ ሆኖ የመረጠውን ይግጠም። ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚያሳፍረው መስሎ ከታየውም በቁንጥጫ የሚያዘውን ስፖኪዮ ፈትቶ ወንበር ሥር ያኑረውና ተመልሶ ሲሄድ ይግጠመው፤ ወደ ውድድሩ የሚያደርሰውም ከውድድሩ የሚመልሰውም ያው ሰው የሚጋፋበት መንገድ ነውና። መኪናዋን በተጎታች ጭኖ አምጥቶ በተጎታች ጭኖ የሚመልስ ከሆነ ግን በዚህ ጉዳይ አናስቸግረውም፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ስፖኪዮ ለሁለቱም ይበቃል።